የራያ እናቶችና የካሜራው ዐይን

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ ይደርሳል፤ ከዚያም ዋጃንና አላማጣን ተሻግሮ የግራካሶን ጠመዝማዛ ዳገት በመውጣት ወደ ኮረም ይገባል። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፥ በምዕራብ የላስታ ደጋ የሚያዋስኑት የራያ ቆላ ዝናም በጊዜው ሲጥልለት ደጋሊትና ጅጉርቲ የሚባሉትን የማሽላ ዐይነቶች አትረፍርፎ የሚሰጥ፥ ዝናም ሲነሣው ግን ባለቤቱን ከቀየው የሚያስወጣ ምድር ነው። በዚህ ጎዳና ብዙ ዐይነት እንግዳ ዐልፏል፤ ወታደርም፥ ነጋዴም፥ የእርዳታ ሠራተኛም። ከሁሉ ይልቅ የአካባቢውን ስም በዓለም ያሰማው ግን የፊልም ካሜራ በትከሻው ተሸክሞ የመጣው እንግዳ ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ይህ ካሜራ የወሎንና የራያን ሴቶች እንዴት አድርጎ እንዳሳየ፥ እንዲሁም ሴት ተማሪዎች ራሳቸው ካሜራ ይዘው እንዲጠይቁ የሚያደርገው የኮሌጅ ትምህርት ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ነው።

የካሜራ ነገር ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የውጭ አገር ጋዜጠኞችን ነው። ዳሩ ግን ተማሪዎች ይቀድማሉ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በተቋቋመው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት መሠረት ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ ያስተምሩ ስለ ነበር፥ ከከተማ ውጭ ያለውን ኑሮ በመጠኑ ለምደውት ነበር። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረሀብ መግባቱ በይፋ በማይነገርበት ጊዜ፥ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ወደ ወሎ ሄደው ያዩትን በፎቶግራፍ አንሥተው በመመለስ በግቢያቸው ለሕዝብ አሳዩ። ከመምህራኑም አንዱ የጂኦግራፊው መምህር መስፍን ወልደ ማርያም ነበሩ። የቀረበው ጥቂት ፎቶግራፍ እንጂ ፊልም አልነበረም፤ ሆኖም የኮሌጅ ተማሪ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት ተነሥቶ የአገሩን ሰው ኑሮ በዐይኑ ሲያይና ያየውንም በማስረጃ ይዞ ለጓደኞቹ ሲያቀርብ ይህ ራሱ ትምህርት መሆኑን ያስመሰከረ ሥራ ነው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ጆናታን ዲምብልቢ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ወሎ ደረሰ። «ያልታወቀው ረሀብ» የሚል ስም የሰጠው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ቴሌቪዥን ታየ፤ ያየውም ሕዝብ ገንዘብ አዋጣ። አንድ ዓመት ሳይሞላ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፥ ይኸው ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች ጋር ተቀላቅሎና ተቀናብሮ «ስውሩ ረሀብ» ተብሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንለምናለን። በለንደን ምጽዋት ለመሰብሰብ ያገለገለው የእናቶች ፊት፥ በአዲስ አበባ መንግሥት ለመጣል አገለገለ። ሥዕሉ ያው ነው፤ የተለወጠው አቀናባሪው ነው። ከሁለቱ አቀናባሪዎች ማናቸውም ግን የሥዕሉን ባለቤት፥ ማለት ልጇን ታቅፋ የተቀመጠችውን ሴት፥ ፊትሽን ለዚህ ጉዳይ እናውለው ወይ ብሎ አልጠየቃትም።

ከ10 ዓመት በኋላ ነገሩ ተደገመ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቢቢሲ፥ ማይክል ቡርክ የተረከውንና ኬንያዊው መሐመድ አሚን ያነሣውን የኮረም ፊልም አሳየ። ኮረም በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ውስጥ ነበረች፤ ወደ እርሷ ከጎረፈው ሕዝብም ብዙው ከራያ ቆላና ከዙሪያው ደጋ የወጣ ነው። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ተሰራጭቶ ታላቅ የእርዳታ እንቅስቃሴ አስነሣ። ለብዙ ነፍስ መትረፍ ምክንያት የሆነን ሥራ መንቀፍ ውለታ ቢስነት ይሆናል፤ የሚሞት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ረዥም ቃለ መጠይቅ ያድርግ የሚልም የለም። ነገር ግን ነፍስ የማዳኑ ሥራ ካበቃ በኋላ የታሪክ ሥራ ይቀራል፤ ለታሪክ ደግሞ እነዚያ ፊልሞች የሚሰጡት ጥቂት ነው። በቤት ውስጥ እህሉ እያነሰ ሲሄድ ለማን ስንት ይደርስ እንደ ነበረ፥ መጀመሪያ የተሸጠው በሬው ይሁን ወይስ የእናቲቱ የአንገት ብር፥ ባል ሥራ ፍለጋ ወደ ሩቅ አገር ሲሄድ ቤቱን ማን እንደ ጠበቀ፥ ከልጆቹ መካከል በጀርባ የታዘለው ማን፥ በእግሩ የሄደው ማን እንደ ነበረ፥ ይህን ሁሉ የምታውቀው ሴቲቱ ናት። የረሀብ ታሪክ ማለት ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። በፊልሙ ላይ ግን የሚናገረው ተራኪው ነው፤ እርሷ ትታያለች እንጂ አትሰማም። ስሟም አልተጻፈም።

በዚያው በኮረሙ ፊልም ዓመት፥ ማለት እ.ኤ.አ. በ1984፥ በህንድ አገር አሕመዳባድ በምትባለው ከተማ ሌላ ነገር ተደርጓል። በዚያች ከተማ ኤላ ባት የተባሉት ሴት እ.ኤ.አ. በ1972 ያቋቋሙት፥ ሴዋ የሚባል በራስ ሥራ የሚተዳደሩ ሴቶች ማኅበር አለ። አባሎቹ በጉልት ገበያ አትክልት የሚሸጡ፥ ሸክም የሚሸከሙ፥ በቤታቸው የሚሰፉ ሴቶች ናቸው። ለእነዚህ ሴቶች የቪዲዮ ካሜራ አያያዝ ትምህርት ተሰጣቸው፤ ከመካከላቸውም ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ነበሩበት። ፊደል የማትለይ ሴት የካሜራውን ቁልፎች ለይታ የጓደኞቿን ኑሮ ቀረጸች። የቀረጹትንም ፊልም ለማኅበሩ ሴቶችና ለሹማምንት አሳዩት። በአንድ ዓመት ውስጥ በኮረምና በአሕመዳባድ ሁለት የድሆች ሴቶች ፊልም ተሠራ ማለት ነው፤ በአንደኛው ድኻዋ ከካሜራው ፊት፥ በሁለተኛው ከካሜራው ኋላ ቆማለች።

ይህ አሳብ በህንድ የተጀመረ አይደለም። ምንጩን ብንፈልግ የምናገኘው በአሜሪካ ኮሌጆች ውስጥ ነው። በኦሃዮ በሚገኘው አንቲዮክ ኮሌጅ ይማሩ የነበሩት ጁሊያ ራይከርትና ጂም ክላይን እ.ኤ.አ. በ1971 «ሴት ሆኖ ማደግ» የሚል ትርጉም ያለው አንድ ዘጋቢ ፊልም አወጡ። ሥራው የተማሪዎች ሥራ ነበር። ከ4 ዓመት ሕፃን ጀምሮ እስከ 35 ዓመት ሴት ድረስ 6 ሰዎችን ተከትሎ፥ ትምህርት ቤቱ፥ ቤተ ሰቡና የንግድ ማስታወቂያው አንዲትን ልጅ እንዴት አድርገው «ሴት» እንደሚሠሯት ያሳያል። ሠሪዎቹ ፊልሙን የሚያከፋፍልላቸው ነጋዴ አላስፈለጋቸውም፤ በዚያው ዓመት የራሳቸውን የፊልም አከፋፋዮች የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቋሙ። ፊልሙንም በየኮሌጁና በየስብሰባው ቦታ እያሳዩ፥ መብራቱ ሲበራ ተመልካቾቹ ስለ ራሳቸው ኑሮ እንዲነጋገሩ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2011 የአሜሪካ መንግሥት ለትውልድ ሊጠበቁ ይገባቸዋል ብሎ በብሔራዊ መዝገብ ካስመዘገባቸው ፊልሞች አንዱ ሆኗል። የተማሪ የክፍል ሥራ እንዲህ ያለ ማዕርግ ላይ መድረሱ ለተማሪዎቻችን ሊያስቀና ይገባል።

መሣሪያውም በጊዜው ደርሶላቸዋል። የጃፓኑ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1967 አንድ ሰው ብቻውን በትከሻው የሚሸከመውን የቪዲዮ ካሜራ ለገበያ ካቀረበ በኋላ፥ ፊልም ለመሥራት ብዙ ገንዘብና ብዙ ሠራተኛ የግድ መሆኑ ቀረ። ፊልም ሠሪነት ወደ ሴቶች እጅ የገባው በአዋጅ ብቻ ሳይሆን በክብደት መቀነስም ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከአፍሪካ በኩል ደግሞ ሴኔጋላዊቱ ሳፊ ፋይ ትጠቀሳለች። አስቀድማ የትምህርት ቤት አስተማሪ ነበረች፤ በኋላ በፓሪስ የሕዝቦችን ባህል ጥናትና የፊልም ሥራ ተማረች። እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣችው ፊልም የወላጆቿን መንደር ገበሬዎች ስለ ኦቾሎኒ ምርትና ስለ ግብር እንዲናገሩ አድርጋለች። ከሰሐራ በታች ካሉት አገሮች በአንዲት አፍሪካዊት ሴት ተሠርቶ በሲኒማ ቤቶች የተሰራጨ የመጀመሪያው ረዥም ፊልም ይኸው ነው። የሠራችውም ባዕድ አገር ሄዳ አይደለም፤ ወደ ዘመዶቿ ተመልሳ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ሴት ተማሪ በሕዝብ ፊት ቆማ እንድትናገር የማድረግ ትምህርት ከፊልም በፊት በቴአትር መድረክ መጀመሩን እናገኛለን። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በስዊስ አገር ተምረው የተመለሱ፥ በጠላት ወረራ ጊዜ በአርበኝነት ተሰልፈው በኢጣልያ አዚናራ ደሴት የታሰሩ፥ ከነጻነት በኋላም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ ሴት ናቸው። በዚያ ትምህርት ቤት የራሳቸውን ቴአትር እየደረሱ ተማሪዎቻቸው እንዲያሳዩት ያደርጉ ነበር። በ1950 ዓ.ም. በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት መሆናቸው ሲታሰብ፥ በመድረክ መናገርና በሸንጎ መናገር ምን ያህል የተቀራረቡ እንደ ሆኑ ይታያል።

ከመድረክ ወደ ካሜራ የተሻገረችው ኢትዮጵያዊት ግን ሥራዋን የሠራችው በስደት አገር ነው። ሳሌም መኩሪያ እ.ኤ.አ. በ1947 በኢትዮጵያ ተወልደው በአሜሪካ የኖሩ ፊልም ሠሪና መምህርት ናቸው። ያስተማሩበት ዌልስሊ ኮሌጅ በማሳቹሴትስ የሚገኝ፥ እ.ኤ.አ. በ1875 ተማሪዎችን መቀበል የጀመረ የሴቶች ኮሌጅ ነው። በዚያ በሥነ ጥበብ ክፍል የፊልምና የቪዲዮ ሥራን ለብዙ ዓመታት ሲያስተምሩ፥ በጎን የራሳቸውን ፊልሞች ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው «ስደት» በሱዳን የሚኖሩ ሦስት የኢትዮጵያና የኤርትራ ሴት ስደተኞችን የሚከተል ነው። ብዛታቸው ሦስት ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። በዚያ ዘመን ስለ ሱዳን ካምፖች የሚወጣው ዜና ሁሉ የሚናገረው በመቶ ሺህ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሦስት ሴቶችን መርጠው ሕይወታቸው እንዲሰማ አደረጉ። ቀጥሎ የመጣው «የወንዝ ማዕበል» ስለ ጠፋ ወንድማቸውና ስለ ተገደለች ወዳጃቸው፥ በእነርሱም በኩል ስለ ተማሪዎች ንቅናቄና ስለ ቀይ ሽብር ይናገራል። አብዮቱ በመጻሕፍት ሲጻፍ የድርጅቶች ስምና የስብሰባ ውሳኔ ይበዛበታል፤ በዚህ ፊልም ግን በአንዲት እኅት አንደበት ይነገራል።

ሌሎችም አሉ፤ ኃይሌ ገሪማ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፥ የማነ ደምሴ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ፊልም አስተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በካናዳ ያደገችው ታማራ ዳዊት፥ መኖሯን እንኳ ሳታውቅ ያደገችባትን አክስቷን ታሪክ የምትፈልግበትን ፊልም አወጣች፤ አክስቲቱ በአብዮቱ ጊዜ ኢሕአፓን ተቀላቅላ የቀረች ናት። በዚህም ፊልም የሚናገሩት በሕይወት ያሉት እኅቶቿ ናቸው። አንድ ቤተ ሰብ አምቆ የያዘውን ዝምታ የሰበረው የወንድሞች ልጅ ጥያቄ ነበር።

በውጭ አገር ፌሚኒዝም የሚባለው፥ እኛ የሴቶች እኩልነት ብለን የምንጠራው አሳብ በዚህ ትምህርት ውስጥ የሚገባው በንግግር ብቻ አይደለም፤ በሥራ ክፍፍሉ ነው። አንድ ክፍል ወንዶችና ሴቶች ተማሪዎች ፊልም ሥሩ ቢባሉና ነገሩ ለልማድ ቢተው፥ ካሜራውን ወንዱ ይይዛል፤ ሴቷ ማስታወሻ ትጽፋለች፥ ዕቃ ትጠብቃለች፥ ቡና ታቀርባለች። ስለዚህ መምህሩ ወይም መምህርቷ ሥራውን በተራ ታዞራለች፤ ዛሬ የቀረጸ ነገ ድምፅ ይይዛል፥ ዛሬ የጠየቀች ነገ ታቀናብራለች። ካሜራው ከመውጣቱ በፊት ተማሪዎቹ ከሚቀርጿት ሴት ጋር ተቀምጠው እንዲውሉ ይደረጋል፤ ምን እንደሚሠሩ ነግረዋት ፈቃዷን ይጠይቃሉ። ጥያቄውም «ችግርሽ ምንድን ነው» የሚል እንዳይሆን ያስፈልጋል፤ እንዲህ የተጠየቀ ሰው ሁልጊዜ የሚመልሰው እርዳታ ሰጪ መስማት የሚፈልገውን ነውና። «ጠዋት ስትነሺ መጀመሪያ የምትሠሪው ምንድን ነው፥ ይህን ማን አስተማረሽ፥ ለልጅሽስ ታስተምሪያታለሽ ወይ» የሚለው ይሻላል። ፊልሙም ሲያልቅ አስቀድሞ የሚታየው ለእርሷ ነው፤ ይውጣልኝ ያለችው ይወጣል። ተማሪዋ በዚህ ሁሉ የምትማረው የካሜራውን ቁልፍ ብቻ አይደለም፤ ስለ እናቷና ስለ አያቷ ሳታውቅ መኖሯንም ትማራለች።

እኔ ቃለ ጉባኤ ከሚይዙት ሰዎች አንዱ ስለ ሆንሁ፥ ይህ ነገር ከፊልም ውጭም እንዳለ አውቃለሁ። በስብሰባ ወንድ ሲናገር «አቶ እገሌ እንዳሉት» ተብሎ ይጻፋል፤ ሴት ስትናገር ግን ብዙ ጊዜ «ከተሰብሳቢዎች አንዲት ሴት» ተብሎ ይታለፋል። በራያ ገጠር ሴት በመዝገብ ላይ ከነስሟና ከነመልኳ መግባት የጀመረችው፥ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲታደል ነው ማለት ይቻላል። በዚያ ደብተር ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን እንዲሠፍር ተወስኗልና። ፎቶግራፉ ትንሽ ነው፤ ግን ከ1966ቱና ከ1977ቱ ፊልም በአንድ ነገር ይበልጣል፤ ከሥሩ ስም አለው።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለውን አነጋገር የሚያነሡ ሰዎች ዛሬም አሉ። በፊልም ሥራ ነገር የሚያልቀው በቅንብሩ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የመስከረም 1 ቀን 1967ቱ ሌሊት ይህን በሚገባ አሳይቷል። እንግዲህ ተረቱን ለመሻር የሚፈልግ ኮሌጅ ሴት ተማሪዎቹን ለካሜራው ብቻ ሳይሆን ለዚያ ጠረጴዛ ያዘጋጃቸው።

ከዚህ የከበደ ተቃውሞ ግን አለ። ካሜራ ሊጐዳ ይችላል። ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ጦርነቱ ቆቦንና አካባቢውን ሲያዳርስ ሴቶች የደረሰባቸው በደል ቀላል አልነበረም። ከእነዚህ ሴቶች አንዷን ፊቷ በሚታይበት ፊልም አናግሮ ለዓለም መላክ፥ ከጎረቤቶቿ ጋር ነገ የምትኖርበትን ኑሮ አለማሰብ ነው። ስምን መጻፍ ክብር የሆነበት ቦታ አለ፤ ስምን መሠወር ክብር የሚሆንበትም ቦታ አለ። ልዩነቱን የምታውቀው ባለ ታሪኳ ስለ ሆነች፥ ውሳኔውም የእርሷ ነው። ተማሪው ካሜራውን መዝጋት የሚገባውን ሰዓት ካላወቀ፥ ገና አልተማረምና ወደ መስክ ባይወጣ ይሻላል።

ለመጀመሪያ ልምምድ ደስታ ያለበት ጉዳይ ሞልቷል። በላስታ አሸንድዬ፥ በሰቆጣ ሻደይ የሚባለው የልጃገረዶች በዓል በቆቦ ሶለል ይባላል። ከነሐሴ 16 ቀን ጀምሮ ልጃገረዶች ሹሩባቸውን ተሠርተው፥ ከበሮ ይዘው፥ ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ይጨፍራሉ። በዓሉን የሚቀርጹት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ቀሚሱንና ሹሩባውን ነው። የዘንድሮውን ግጥም ማን አወጣው፥ ማንን ለማወደስና ማንን ለመንካት ተባለ፥ የትኛው ዜማ ከአያት የወረደ ነው፥ ካገባች በኋላ አንዲት ሴት ከጨዋታው ስትቀር ምን ይሰማታል የሚለውን የሚጠይቅ እምብዛም አላየሁም። ይህን ደግሞ ከማንም የሩቅ ሰው ይልቅ ራሷ ሶለል ስትጨፍር ያደገች የኮሌጅ ተማሪ በተሻለ ልትጠይቀው ትችላለች።

በ2004 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። በዲምብልቢና በመሐመድ አሚን ዘመን ትልቅ ድርጅት ብቻ ሊያቀርበው የሚችለው መሣሪያ፥ ዛሬ ድምፅ መቅጃውና ማቀናበሪያው ሳይቀር በአንዲት ተማሪ ስልክ ውስጥ አለ። በ1966 ዓ.ም. 25 ዓመቷ የነበረች የራያ እናት ዛሬ ወደ 80 እየተጠጋች ነው፤ በ1977 ዓ.ም. በእናቷ ጀርባ ታዝላ ግራካሶን የወጣችው ልጅም የልጅ ልጅ ለማየት ደርሳለች። የመጀመሪያዋ ከመሸጥዋ በፊት የአንገት ብሯን በእጇ ይዛ ምን እንዳሰበች፥ በገበያው ስንት እንደ ሰጧት፥ በምን ቀን ከቤት እንደ ወጣችና ከማን ጋር እንደ ሄደች እስካሁን የሚያስታውሱ ሴቶች በቆቦ፥ በሮቢትና በዋጃ ገበያ ቅዳሜና ማክሰኞ ሳይሉ ይታያሉ። ማታ ማታም በየደጃፋቸው ተቀምጠው ማሽላ ሲያበጥሩ ይገኛሉ።